ቀዶ ሐኪም በሥራው ሲዝል፦ መንስኤውን ፈልጎ የማከም ዝርዝር መመሪያ

ማክሰኞ ጠዋት ነው። የኦአር (የቀዶ ክፍል) ስኬጁሉ ላይ አራት ታካሚ ተጽፏል። የመጀመሪያው 2፡30 ላይ መግባት ነበረበት፤ 4፡00 ሆኖም ተሸካሚ አልጋው በሩ ላይ እንደቆመ ነው። ሦስተኛው ደም ስላልተገኘ ካንስል ሆኗል። ያው ቀዶ ሐኪም ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ሲሰማ ራሱ ደም ባንክ ድረስ ይሮጥ ነበር። አሁን «እሺ» ይልና ሻይ ያዛል። የሥራ ዝለት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው የሚታወቀው፤ ሰውየው «ለምን?» ብሎ መጠየቁን ይተዋል።

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ቀዶ ሐኪሞችና ለከፍተኛ ዓመት ሬዚደንቶች (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞች) የተዘጋጀ ነው። አቋሙ አንድ ነው፦ ዕረፍት ድካምን ያወጣል፣ ዝለትን ግን ብቻውን አያድንም። ሆድ ውስጥ የቋጠረ መግል በአንቲባዮቲክ ብቻ እንደማይደርቅ ሁሉ፣ ምንጩ ካልተነካ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ሥራ በተገባ በሦስተኛው ቀን እንዳልነበረ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መለየት፣ አደጋን ማስወገድ፣ እንቅልፍን ማስመለስ፣ ምንጩን መፈለግና መዝጋት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ሥራውን እንደገና መውደድ።

1. ምን እንደያዘዎት ይለዩ

የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው የሥራ ዝለትን በበሽታነት አልመዘገበውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው ብሎታል። ሦስት መገለጫዎች አሉት፦ የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም በሥራው መማረር፣ የሚሠሩት ሁሉ ፋይዳ የሌለው መስሎ መታየት። በቀዶ ሐኪም ላይ ሁለተኛው ጎልቶ ይወጣል። ታካሚው ስሙ ይጠፋና «12 ቁጥር ላይ ያለው ቮልቩለስ» (የአንጀት መጠምዘዝ) ብቻ ይሆናል። የአስታማሚ ጥያቄ ያስቆጣል። ሬዚደንቱ ሲጠይቅ «ሂድና አንብብ» የሚል መልስ ይቀድማል።

ለመለካት በብዛት የሚሠራበት መጠይቅ ክሪስቲና ማስላክና ባልደረባዋ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጡት ባለ 22 ጥያቄ ነው። ለራስ ፍተሻ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «ሥራዬ አንጠፍጥፎ ጨርሶኛል» የሚል ስሜት በምን ያህል ጊዜ ይመጣብኛል? «ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ በሰው ላይ ልቤ ደንድኗል» የሚለውስ? ለአንዱ እንኳ መልስዎ «በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ» ከሆነ ይህን መመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ቀኑንና መልሱን ማስታወሻ ላይ ይጻፉ፤ በኋላ ይፈለጋል።

ብቸኛው እንደሆኑ አይሰማዎት። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2008 አባላቱን ጠይቆ 7,905 ቀዶ ሐኪሞች መልሰው ነበር፤ 40 በመቶው የዛሉ ሆነው ተገኙ። ሙሉ ዕቃና ሙሉ የሰው ኃይል ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ጓንትና የስፌት ክር እየተቆጠረ በሚታደልበት ክፍል የሚሠራ ሰው ቢዝል ሊያፍር አይገባውም።

ከዝለት ጋር የሚምታቱ ሦስት ነገሮችን ያጥሩ። ተራ ድካም ከሆነ፣ ሦስትና አራት ሌሊት በቅጡ ተኝተው ሲነሡ ፍላጎትዎ ይመለሳል። የአካል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሄሞግሎቢን፣ የታይሮይድ ምርመራና የደም ስኳር ያሠሩ፤ ታካሚ ተመሳሳይ ነገር ቢነግርዎ የሚያዙት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ድብርት ነው። ዝለት ከሥራ ቦታ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ድብርት ግን ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ መስጊድም፣ ሠርግ ላይም ተከትሎ ይሄዳል። በአማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ ታካሚዎች ላይ የተፈተሸውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄውን የድብርት መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9፣ ይሙሉ። 10 እና ከዚያ በላይ ካገኙ የአእምሮ ሐኪም ያነጋግሩ። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ መልስዎ ከዜሮ በላይ ከሆነ ድምሩን መቁጠር አያስፈልግም፤ ቀጥታ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

2. ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ

«ባልነበርኩ» የሚል ሐሳብ እየተመላለሰ ከሆነ በዚያው ቀን የሚደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንድ፣ ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወንድም፣ ለእህት ወይም ለሚያምኑት ባልደረባ። ሁለት፣ የዕለቱን ቀዶና ዲዩቲ (ተረኝነት) «አሞኛል» ብለው ያስረክቡ፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። ሦስት፣ ያ የነገሩት ሰው አብሮዎት ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂድ፤ ብቻዎን አይቆዩ።

በአሜሪካው ጥናት ካለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣባቸው ቀዶ ሐኪሞች እርዳታ የጠየቁት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአሥሩ ስድስቱ ያህል የሥራ ፈቃዴን ይነካብኛል ብለው ፈርተዋል። እኛ ዘንድ ከፈቃዱ ይልቅ የሚያስፈራው ወሬው ነው፦ «ዶክተር እገሌ ሳይካትሪ ሲወጣ ታየ።» ይህን ለማለፍ ከሚሠሩበት ሆስፒታል ውጭ ይታከሙ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ በግል የሚያዩ ሐኪሞችም አሉ። የክልል ከተማ ላይ ከሆኑ አዲስ አበባ ካለ ሐኪም ጋር በስልክ ክትትል መጀመር ይቻላል፤ የመጀመሪያው ቀን ግን በአካል ይሁን። ለራስዎ መድኃኒት አይዘዙ። የእንቅልፍ ኪኒንም ቢሆን።

3. እንቅልፍና ዲዩቲ

ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው፤ ያልተኛ ሰው ስለ ሥራው የሚሰጠው ፍርድ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የታወቀ ሙከራ ለ17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ጠዋት 2፡00 ገብቶ በማግስቱ 4፡00 ላይ መኪና የሚያስነሣ ተረኛ እንግዲህ የት እንዳለ ያስላ።

ከሌሊት ዲዩቲ በፊት ከሰዓት በኋላ 90 ደቂቃ ይተኙ። እንቅልፍ ባይመጣም መብራት አጥፍተው፣ ስልክ አርቀው ይጋደሙ። ሌሊት ክፍተት ከተገኘ ወይ 20 ደቂቃ ወይ 90 ደቂቃ ይተኙ፤ በመካከሉ ከከባድ እንቅልፍ መነሣት ያደነዝዛል። ከረጅም እንቅልፍ ሲቀሰቀሱ፣ ሕይወት አድን ካልሆነ በቀር፣ ስክራብ ከማድረግዎ (ለቀዶ እጅ ከመታጠብዎ) በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ለራስዎ ይስጡ፤ ፊት መታጠብ፣ ታካሚውን በአካል ማየት፣ የራጅ ፊልሙን ማየት ጊዜውን ይሞላዋል። ቡና ይረዳል፤ ከ20 ደቂቃው እንቅልፍ በፊት የተጠጣ ቡና ሲነሡ ይደርሳል። ነገር ግን ካፌይን ደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈልጋልና ለመተኛት ካሰቡበት ሰዓት ስድስት ሰዓት ቀድመው ያቁሙ።

በማግስቱ መኪና አይንዱ። ራይድ ይጥሩ ወይም የሚወስድዎ ሰው ይፈልጉ። ቤት ሲደርሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይተኙና ይነሡ፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ሌሊት ጣራ ማየት ሳምንቱን በሙሉ ያበላሻል።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከዲዩቲ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ግል ክሊኒክ መሄድ ነው፤ ስለ እሱ ከታች እንመለስበታለን። ሁለተኛው ስልክ ነው። ስልክ የሚበዛው ደግሞ ርክክብ ሲጓደል ነው። «ሁሉም ደህና ናቸው» ብሎ የሄደ ሰው አሥር ጊዜ ይደወልለታል። ለእያንዳንዱ የሚያሰጋ ታካሚ አራት መስመር ይጻፉ፦ ስምና የአልጋ ቁጥር፤ የተደረገለት ቀዶና ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ፤ የምፈራው ነገር፤ እሱ ቢከሰት ምን ይደረግ። ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ናቸው ስልኩን የሚያስቆሙት። ለምሳሌ፦ «ወ/ሮ …፣ 7 ቁጥር፤ ሲግሞይድ (የትልቁ አንጀት ክፍል) ተቆርጦ ተገናኝቷል፣ 4ኛ ቀን፤ የምፈራው ማፍሰስ ነው፤ የልብ ምቷ ከ120 ካለፈና ሆዷ ከጠነከረ አልትራሳውንድ ሳይጠበቅ ለሲኒየር ይደወል።» ወረቀቱ በእጅ ይሰጥ፤ ተቀባዩ አንብቦ ይጠይቅ።

የሮስተሩን (የተራ ድልድሉን) ጉዳይ ብቻዎን አይፈቱትም። ለክፍል ኃላፊው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይቅረቡ፦ ከሌሊት ዲዩቲ ማግስት ቀጠሮ ያለው ቀዶ አይመደብልኝ። «ዲዩቲ ይቀነስልን» የሚለው ጥያቄ ሰው ስለሌለ ይወድቃል። ቀን መቀያየር ግን ሰው አይጨምርም፤ ለዚያ ነው የሚያልፈው።

ስለ ጫት አንድ ቃል። ሌሊት ለመንቃት የተቀመጠ ጫት የማግስቱን እንቅልፍ ይወስዳል፤ እንቅልፍ ለማምጣት አልኮል ይከተላል፤ አልኮሉ የሰጠው እንቅልፍ ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይሰበራል። ይህ ዑደት ከገቡበት በኋላ ከዝለቱ በላይ ሌላ ችግር ነው፤ በራስ ብርታት ብቻ የማይወጣ ከሆነ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይመለሱ።

4. የ14 ቀን መዝገብ

ምንጩን በግምት አይፈልጉ። ትንሽ ደብተር በነጭ ጋውንዎ ኪስ ይዘው ለ14 ቀን አራት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፦ ሰዓት፣ የሠሩት፣ ምልክት (ኃይል የሰጠኝ ከሆነ +፣ የወሰደብኝ ከሆነ −)፣ ምክንያቱ በሦስት ቃል። አንድ ገጽ ይህን ሊመስል ይችላል፦

2፡00 ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ)፤ −፤ ጩኸት፣ ፍሬ የለውም።
2፡30–4፡10 የመጀመሪያ ታካሚ መጠበቅ፤ −፤ አልባሳት አልደረቀም።
4፡10–6፡00 እንቅርት ከሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ጋር፤ +፤ ነርቩን ራሷ አገኘችው።
6፡30 ሁለተኛው ታካሚ ካንስል፤ −፤ ደም የለም።
9፡00 አስታማሚ ክር ከውጭ እንዲገዛ መንገር፤ −፤ በሬ ሸጦ የመጣ።

በ14ኛው ቀን መቀነሶቹን ሰብስበው በስድስት ክምር ይክፈሏቸው። ክፍፍሉ የማስላክና የማይክል ላይተር ነው፦ የሥራ ብዛት፣ በሥራዬ ላይ የመወሰን አቅም፣ ክፍያና ምስጋና፣ ከባልደረባ ጋር ያለ ግንኙነት፣ ፍትሕ፣ ከማምንበት ጋር መጋጨት። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ የጀመረ ሰው ክምሩን ሲቆጥር ብዙ ጊዜ ትልቁን «የመወሰን አቅም» ላይ ያገኘዋል፤ ማለትም ቢላ ይዞ የቆመበት ሰዓት አላደከመውም፣ ቆሞ የጠበቀበት ነው የጨረሰው። የመጨረሻው ክምርም በእኛ አገር ከባድ ነው። ታካሚው ሊድን እንደሚችል እያወቁ፣ በክርና በደም ምክንያት ሲመለስ ማየት ከድካም የተለየ ቁስል ነው፤ በእንቅልፍም አይሽርም።

ከስድስቱ ትልቁን አንድ ብቻ ይምረጡ። ሁለት ከመረጡ ሁለቱም አይሠሩም።

5. ምንጩ ኦአር ውስጥ ከሆነ

የመጀመሪያው ታካሚ ዘግይቶ መግባት ቀኑን ሙሉ የሚያዛባው እንከን ነው፤ ማስተካከያውም ያለው በዋዜማው ነው። ከቀዶው በፊት ባለው ቀን 9፡00 ላይ ከኦአር ዋና ነርስና ከሰመመን ባለሙያው ጋር ለ15 ደቂቃ ይቀመጡ። ስኬጁሉ ላይ ላለ እያንዳንዱ ታካሚ ይህን ያረጋግጡ፦ ደም ተመሳስሎ ተቀምጧል? ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ካስፈለገ ተይዟል? የመሣሪያው ጥቅል ከአውቶክሌቭ (ከማምከኛው) ወጥቷል? አልባሳቱ ደርቋል? ክሩ በእጅ አለ ወይስ «ይመጣል»? ስምምነቱ ተፈርሟል? አንዱ የጎደለበት ታካሚ በዚያው ቅጽበት ወደ ኋላ ይዛወራል፤ ጠዋት ላይ ተገኝቶ አይሰረዝም። በዝናብ ወራት አልባሳት ስለማይደርቅ ብቻ የሚሰረዘው ቀዶ ብዙ ነው፤ ዋዜማ ላይ ያየ ሰው ካለ ግን በሌላ ክፍል ትርፍ ይፈለጋል።

አንድ ተጠባባቂ ታካሚ ይዘጋጅ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሁሉንም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ማስጾም ነው። ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ውኃና ንጹሕ ፈሳሽ 2 ሰዓት ሲቀር ማቆም ይበቃል። ተጠባባቂው ውኃ እየጠጣ ሊቆይ ይችላል፤ አለበለዚያ 10 ሰዓት ላይ በረሃብ ተቆጥቶ ሲሰናበት ስድቡን የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት።

የተሰረዘውን ሁሉ ለአንድ ወር ይመዝግቡ፦ ቀን፣ የቀዶ ዓይነት፣ አንድ ምክንያት። በወሩ መጨረሻ የምክንያቶቹን ብዛት ቆጥረው ከላይ ያለውን አንዱን ብቻ ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሂዱ። ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይበልጥ፤ ቁጥሩ፣ የሚጠየቀው ነገር፣ ማን እንዲያደርገው፣ መቼ እንደሚታይ። ጤና ሚኒስቴር የጀመረው ሕይወት አድን ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ፕሮግራም በብዙ ሆስፒታሎች ይታወቃልና ጥያቄዎን ከእሱ ጋር ያያይዙት፤ ሥራ አስኪያጁ የራሱ ሪፖርት ላይ የሚያስገባውን ነገር ቶሎ ይሰማል።

እንዲሁም 19 ነጥብ ያለውን የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ደህንነት ዝርዝር በጥድፊያ ምልክት እየተደረገበት ከሆነ፣ ቢያንስ ቆዳ ከመከፈቱ በፊት ያለውን ክፍል ጮክ ብለው ያንብቡት፤ በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገር። ሃያ ሰከንድ ይወስዳል። ሁለት ዓመት አብረው ቆመው ስሟን የማያውቋት ስክራብ ነርስ ልትኖር ትችላለች።

6. አንገትና ወገብ

አጭር ነው፣ ግን አይዝለሉት፤ የማያቋርጥ ሕመም ሰውን ያመርራል። ለክፍት ቀዶ የጠረጴዛው ከፍታ ከክርንዎ ጋር ይስተካከል፤ ለላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ለሚሠራ ቀዶ) የመሣሪያው እጀታ ክርን ላይ እንዲደርስ ጠረጴዛው ዝቅ ይበል፣ ስክሪኑ ፊት ለፊት ከዓይን ትንሽ ወረድ ይበል። አጭሩ ሰው መቆሚያ ይጠቀም፤ ረጅሙ አይጎንበስ። ከሁለት ሰዓት በላይ በሚወስድ ቀዶ ውስጥ በየ20 እስከ 40 ደቂቃው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል መሣሪያ አስቀምጠው፣ ጓንት ሳያወልቁ አንገትና ትከሻ ያፍታቱ። ጊዜ ያባክናል የሚል ካለ፣ በአሜሪካ በተለያዩ ሆስፒታሎች ተሞክሮ የቀዶውን ርዝመት አልጨመረም።

7. ታካሚ ሲሞት ወይም ቀዶው ሲበላሽ

ብዙ ቀዶ ሐኪም የሚዝለው ቀስ በቀስ አይደለም፤ አንድ ታካሚ አለ። አልበርት ዉ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪሙን «ሁለተኛው ተጎጂ» ብሎ ጠርቶታል።

ምልክቱ ራውንድ (የአልጋ ለአልጋ ጉብኝት) ላይ ይታያል። ሐኪሙ ከሁሉም አልጋ አጠገብ ይቆማል፤ የተበላሸበት ታካሚ ጋ ሲደርስ ግን ከእግርጌ ሆኖ «ይቀጥል» ይልና ያልፋል። ወይም ራውንዱን ከዋርዱ ሌላ ጫፍ ጀምሮ እዚያ ሲደርስ ስልክ ይነሣል። መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፦ ጠዋት መጀመሪያ እዚያ አልጋ ጋ ይሂዱ፣ ወንበር ስበው ይቀመጡ፣ ቁስሉን ራስዎ ይክፈቱ። የሁለት ደቂቃ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሚከተል ፍርሃት ይገላግላል፤ ሁለተኛ ቀዶ የሚያስፈልገው ታካሚም ሳይዘገይ ይታያል።

ሞት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይህን ይመስላሉ። ለቤተሰቡ በኮሪደር ላይ ቆመው አይንገሩ፤ ክፍል ፈልገው፣ ከነሱ መካከል በዕድሜ የገፋውን ይዘው፣ ተቀምጠው ይንገሩ፣ ሲኒየር ከጎንዎ ይሁን። «ሞቷል» የሚለውን ቃል ይበሉት፤ «አልሆነም» የሚል አነጋገር ተስፋ ያስቀራል። ለቅሶው ሲነሣ ወዲያው አይውጡ። ከዚያ የኦአር ቡድኑን ለአሥር ደቂቃ ይሰብስቡ፦ ምን ሆነ፣ ምን ያዝን፣ ምን አመለጠን፤ ማን አጠፋ አይባልም። ቻርቱን በዚያው ቀን፣ የሆነውን ብቻ፣ በሰዓት ይጻፉ። ቀጣዩን ቀዶ ባልደረባ ይውሰደው፤ ካልተቻለ ሌላ ቀዶ ሐኪም አብሮ ይግባ።

በሳምንቱ ውስጥ ያንኑ ዓይነት ቀዶ ልምድ ካለው ባልደረባ ጋር ይሥሩ። ሳይመለሱበት ወራት ካለፉ እየፈሩት ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ያ ታካሚ ሲመጣ «ሪፈር» ብለው የሚጽፉበት ምክንያት አያጡም። በሞትና ችግር መገምገሚያው ስብሰባ ላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ የሐኪሙን ስም ሳይጠራ ይጀምር፤ የመጨረሻው ጥያቄም ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ቢቀየር ይህ አይደገምም? ስብሰባው ጁኒየሩን በሰው ፊት ማዋረጃ ከሆነ ግን ውስብስብ ጉዳዮች መደበቅ ይጀምራሉ።

8. የማታው ሥራ

ደመወዝ በቂ አይደለም፤ ስለዚህ «የግሉን ተው» የሚል ምክር ለማንም አይረባም። የሚረባው ስሌት ነው። እያንዳንዱን የግል ክሊኒክና የፕራይቬት ዊንግ (በመንግሥት ሆስፒታሉ ያለ የክፍያ ክፍል) ሥራ ለየብቻ ይጻፉ። የወሩ ገቢ ከታክስ በኋላ፣ ሲቀነስ ነዳጅና ትራንስፖርት፤ ሲካፈል ለጠቅላላ ሰዓት። ጠቅላላ ሰዓት ሲባል መንገዱን፣ ታካሚ እስኪመጣ የጠበቁበትን፣ ሌሊት የሚደወልበትንም ይጨምራል። ብዙ ጊዜ አንዱ ክሊኒክ ከሌሎቹ ግማሹን እንኳ አይከፍልም፤ የተያዘውም በይሉኝታ ነው። እሱን ብቻ ለሦስት ወር ያቁሙ፤ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ተነጋግረው የጎደለውን ብር በወር በጀት ላይ ያስፍሩ። ያስለቀቁትን ምሽት በሌላ ሥራ አይሙሉት።

እንደ ደንብ አንድ መስመር ይበጃል፦ ከሌሊት ዲዩቲ በኋላ ባለው ምሽት የግል ሥራ የለም።

9. ደስታው የሚመለስበት

በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ውስጥ በሚያስተምሩ ሐኪሞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። ለእነሱ ከሁሉ የበለጠ ትርጉም ባለው ሥራ ላይ ከጊዜያቸው 20 በመቶ እንኳ ያላዋሉት 53.8 በመቶው ዝለዋል፤ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ካዋሉት ግን 29.9 በመቶው። 20 በመቶ ማለት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሥራው በሙሉ የሚወደድ መሆን የለበትም።

ያ ቀን ምን እንደሆነ ደብተርዎ ላይ ያሉት የመደመር ምልክቶች ይነግሩዎታል። ለአንዱ እንቅርት ነው፤ ለሌላዋ የሕፃናት ቀዶ፤ ለሌላው ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ታካሚዎችን መከታተልና መዝግቦ ማጥናት። «ሐሙስ የእንቅርት ቀን ይሁንልኝ፤ በምትኩ የሰኞውን ተመላላሽ እወስዳለሁ» ብለው ይደራደሩ። የሚሰጡት ነገር ከሌለ አይፈቀድም። ለስድስት ወር ብለው ይጠይቁ፤ «ለዘላለም» የሚል ጥያቄ ኃላፊን ያስፈራል።

ማስተማር ብዙ ጊዜ ከመደመሮቹ አንዱ ነው፤ ግን ሬዚደንቱን መንጠቆ አስይዞ ማቆም ማስተማር አይደለም። እጅ ሲታጠቡ ለሁለት ደቂቃ «ዛሬ የትኛውን ክፍል ትሠሪያለሽ?» ብለው አንድ የተወሰነ ክፍል ይስጡ፤ በቀዶው ጊዜ ስለዚያ ክፍል ብቻ ያርሙ፤ ቆዳ ሲሰፋ «ምን ቀለለሽ፣ ምን ከበደሽ?» ብለው ይዝጉ።

አሁን ከሁሉ የሚረሳው። የቀዶ ሐኪም ዓይን የተዛባ ናሙና ነው የሚያየው። የመረቀዘበት ይመለሳል፤ የዳነው ግን ወደ ወሎ ወይም ወደ ከፋ ገብቶ ይጠፋል፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብርም የለም። ሐኪሙ በዓመት ውስጥ የሚያያቸው ፊቶች የችግሮቹ ፊቶች ብቻ ይሆናሉ፤ ከዚያ «ምን እየሠራሁ ነው?» ቢል አይፈረድበትም። ማስተካከያው ርካሽ ነው። ሲሰናበቱ የታካሚውንና የአንድ ዘመድ ስልክ ቻርቱ ፊት ገጽ ላይ ይጻፍ። በየሳምንቱ አርብ ከ30 ቀን በፊት የተሰናበቱ ሁለት ታካሚዎችን ይምረጡ፤ የከፋውን አይደለም፣ በዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ያለውን። ይደውሉና አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ቁስሉ ደረቀ? ይበላሉ? ወደ ሥራዎ ተመለሱ? ትኩሳት ነበር? መልሱን በአንድ መስመር ይመዝግቡ። በስድስት ወር ውስጥ ወደ 50 ሰው ይሆናል። ከእነሱ አንዳንዶቹ ያልታወቀ ችግር ይነግሩዎታል፤ ያም ጥቅም ነው፣ ከራስዎ ቀዶ በኋላ ቁስል የሚመረቅዝበትን መጠን ከዚህ በፊት አያውቁትም ነበር። አብዛኞቹ ግን እርሻ ላይ ሆነው ነው ስልኩን የሚያነሡት፤ ምርቃቱም ረጅም ነው፣ ጊዜ ይመድቡለት።

10. የቡና ቡድን

በማዮ ክሊኒክ በተደረጉ ሙከራዎች ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ሐኪሞች በየሁለት ሳምንቱ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው ሲወያዩ ዝለታቸው ቀንሷል። ይህ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ቡናው አለ። የሚጎድለው ሥርዓቱ ነው። ሰባት ሰው ገደማ፣ ሁሉም በእኩል ደረጃ፤ ሬዚደንትና ክፍል ኃላፊ አይቀላቀሉ። በሥራ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። የመጀመሪያው 15 ደቂቃ በአንድ አስቀድሞ በተላከ ጥያቄ ላይ ይሁን፦ «በዚህ ወር ምን ቀዶ አኮራህ?» «የትኛውን ታካሚ አልረሳሽም?» የቀረው ጊዜ ነፃ ነው። የተነገረው ከክፍሉ አይወጣም፤ ቴሌግራም ቡድን አይከፈትለትም። ስለ ደመወዝና ስለ አስተዳደር ማውራት አይከለከል፣ ግን ያ ብቻ ከሆነ በሦስተኛው ስብሰባ ሰው ከመጣው በላይ ተማሮ ይመለሳል። ለ12 ጊዜ ይስማሙ፤ ከዚያ ይቀጥል እንደሆነ ይወሰን።

ቀን ቆጥሮ መፈተሽ፣ መልቀቅም ካስፈለገ

በስድስተኛው ሳምንትና በሦስተኛው ወር በመጀመሪያው ክፍል ያሉትን ሁለቱን ጥያቄዎች እንደገና ይመልሱና ከመጀመሪያው መልስ ጋር ያስተያዩ። በስድስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ብቻ ተሻሽሎ ምሬቱ ቢቀር የተለመደ ነው። በሦስተኛው ወር ሁለቱም ንቅንቅ ካላሉ፣ የዘጉት ምንጭ ትክክለኛው አይደለም ማለት ነው፤ ወደ መዝገቡ ተመልሰው ሁለተኛውን ክምር ይውሰዱ። በስድስተኛው ወር ያው ከሆነ ቦታ መቀየር ምክንያታዊ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ከቀላሉ ይጀምር፦ በዚያው ሆስፒታል ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሆስፒታል፣ ሌላ ዓይነት ሥራ፣ ሌላ አገር። ወደ ውጭ የሚሄድ ሐኪም ፈተናውንና የዓመታት እንደገና ሥልጠናውን አስቀድሞ ይቁጠር፤ የዛለ ሰው እዚያ ሄዶ እንደገና ጁኒየር መሆን ሊከብደው ይችላል። የእርግዝና ወራት ላይ ያለች ወይም በቅርቡ የወለደች ቀዶ ሐኪም ደግሞ እንዲህ ያለውን ትልቅ ውሳኔ በሌሊት ዲዩቲ መካከል አትወስን፤ መጀመሪያ ዲዩቲው ይስተካከል።

የመልቀቂያ ደብዳቤ በዲዩቲ ማግስት አይጻፍም። ከተጻፈም አሥር ቀን መሳቢያ ውስጥ ይደር። ካስገቡት በኋላ ወረፋ ላይ ያሉ ታካሚዎችዎን ስም፣ ስልክና የታቀደላቸውን ቀዶ በአንድ ዝርዝር አድርገው ለሚተካዎ ሐኪም በፊርማ ያስረክቡ፤ ቅጂውን የኦአር ዋና ነርሷ ጋ ይተዉ።